አውቶቡስን ቤት ለማድረግ ያሰበ መጀመሪያ ሚዛን ላይ ያውጣው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ቤት ኪራይ ውድነት ደጋግማችሁ ትጽፋላችሁ። ከዚሁ ጋር የሚሄድ፣ ግን ብዙም የማይጻፍበት ጉዳይ ስላለ ይህችን ደብዳቤ ብታወጡልን ብለን ነው። አሮጌ ኮስተር ወይም ቅጥቅጥ (በአይሱዙ ላይ ቦዲው እዚሁ አገር የተሠራለት አውቶቡስ) ገዝቶ፣ ወንበሩን አውጥቶ፣ ከነልጆቹ ሊኖርበት የሚያስብ ሰው በደሴና በኮምቦልቻ ጋራዦች ብቅ ማለት ጀምሯል። አብዛኛው ሥራው የሚዞር ነው፤ ከአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ወደ ሌላው የሚሄድ፣ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር፣ ሰኞ ባቲ ውሎ በማግስቱ ሌላ ገበያ የሚያድር። ከውጭ ተመልሶ እዚያ ያየውን እዚህ የሚመኝም አለ። ስሙ ራሱ ገና አልተገኘለትም። «የቤት መኪና» እንዳንለው ቃሉ ለግል አውቶሞቢል ተይዟል። መኖሪያ መኪና እንበለውና እንለፍ።

አንድ ቦታ ቆሞ ለሚኖር ሰው አንመክረውም። ቀን የሚግል፣ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ላሜራ ውስጥ ለመኖር ያን ያህል ገንዘብ ከማውጣት ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ይሻላል፤ ይሞቃልም። የምንጽፈው እንጀራው መንገድ ላይ ለሆነ ቤተሰብ ነው።

ሰው መኪናውን ገዝቶ ሲመጣ የሚጠይቀው ስለ አልጋ፣ ስለ መጋረጃና ስለ ፎርማይካ ቀለም ነው። ስለ ክብደት የሚጠይቅ የለም። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመሃላቸው የሐረጎ አቀበት አለ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ይወረዳል። በመኪና ውስጥ የተሠራ ቤት ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

ከመኪናው ምርጫ እንጀምር። አባዱላም ሆነ ዶልፊን ለባልና ሚስት፣ ቢበዛ ለአንድ ሕፃን ነው። ኮስተር ርዝመቱ 7 ሜትር ገደማ፣ ወርዱ ከውጭ 2 ሜትር ከትንሽ ፈሪ ነው። ግድግዳው ላይ 3 ሳንቲ ሜትር የብርድ መከላከያና ስስ ኮምፔንሳቶ በሁለቱም በኩል ሲገባ ከውስጥ የሚቀረው 1.80 አካባቢ ነው። ስለዚህ ቁመቱ ከ1.75 ያለፈ ሰው በወርድ አይተኛም፤ የወላጆች አልጋ በመኪናው ርዝመት መሠራት አለበት፣ ይህ ደግሞ የክፍሉን ግማሽ ይበላል። ቅጥቅጡ ግድግዳው ቀጥ ያለ ስለሆነ ለቁም ሣጥንና ለአልጋ ይመቻል፤ ችግሩ እያንዳንዱ በሠራው ሰው እጅ ልክ መሆኑ ነው። አንዱ ቱቦላሬውን (የክፈፉን ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) በደንብ በይዶታል፣ ሌላው ነጥብ ነጥብ አድርጎ በስቱኮ (ከቀለም በፊት በሚለቀለቅ መሙያ) ሸፍኖታል። ልጆች ላሉት ቤተሰብ ፋብሪካ የሠራውን ኮስተር እናስቀድማለን። ቅጥቅጥ የሚገዛ ሰው የጣሪያውን ጨርቅ በአንድ ጥግ አስነስቶ ብየዳውን ሳያይ ቀብድ አይክፈል።

ሞተሩ ቱርቦ ያለው ይሁን። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ደሴ ሲደርስ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ባዶውን ሲሞከር ጥሩ የወጣ መኪና ቤት ተጭኖበት ሐረጎ ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ ራዲያተሩን የሚያፈላው ለዚህ ነው።

ለምርመራው ማግኔት በስስ ጨርቅ ይጠቀለልና በመስኮቶቹ ሥር፣ በጎማ ቤቶቹ ዙሪያ፣ በመግቢያው ደረጃና በባትሪው ሣጥን አካባቢ ይሂድበት። ማግኔት ብረት እንጂ ስቱኮ አይዝም። አንድ ቦታ ላይ መዳፍ የምታህል ስቱኮ ብትገኝ የግጭት ጥገና ናት። በመስኮት ሥር ተከታትሎ ከሄደ ግን ከውስጥ የመጣ ዝገት ነው፤ ቀለም አያድነውም። ከዚያ ከሥር ተገብቶ የባሌስትራው (ጎማው ላይ ያለው የሚያነጥር የብረት ድርድር) ማንጠልጠያ ከሻንሲው (መኪናውን ከሥር ከተሸከመው ዋና ብረት) ጋር የሚያያዝበት ቦታ በሽቦ ብሩሽ ይጠረግና በእጅ ባትሪ ይታይ። ስንጥቅ ወይም ተበይዶ የተቀባ ነገር ካለ ዋጋ ለማስቀነስ አይደክሙ፤ ይተዉት። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ያንብቡ፤ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። የሚቆም የሚነሳ መኪና ጎማ ሳያልቅ ያረጃል፣ ጎኑ ይሰነጠቃል፣ ሙቀት ላይ ይፈነዳል። ወደ ሚሌ ቆላ የሚወርድ ሰው ይህን ቸል አይበል።

አሁን ወደ ክብደቱ። መኪናው ምን ያህል እንደሚችል ለመገመት ቀላሉ መንገድ የተፈቀደለትን የሰው ብዛት በ65 ኪሎ ማባዛት ነው። 25 ሰው የሚጭን ኮስተር 1,625 ኪሎ ይሆናል። አምስቱ ለቤተሰቡ ቀርተው የሚወጡት 20 ወንበሮች እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ቢመዝኑ ወደ 1,800 ኪሎ አካባቢ አገኘን። ብዙ ይመስላል። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ 250 ኪሎ ነው፤ ልብስ፣ ፍራሽና የማድ ቤት ዕቃ ሌላ 250። ሁለት ባለ 200 አምፒር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ 120። የተሞላ ባለ 12.5 ኪሎ የጋዝ ሲሊንደር ከነብረቱ ከ25 ያላነሰ። ውሃ 200 ሊትር፣ 200 ኪሎ። እስከዚህ ድረስ 845 ነው፤ ገና እንጨትና ብረት አልገባም።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ባለ 2 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር 15.7 ኪሎ ይመዝናል። «ይጠንክርልኝ» ብሎ 12 ካሬ ወለል በላሜራ ያስነጠፈ ሰው ሦስት አዋቂ ተሳፋሪ አሳፈረ። ባለ 16 ሚሊ ኤምዲኤፍ በካሬ 12 ኪሎ ነው፤ ባለ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ 7 ኪሎ ገደማ። ለአልጋ፣ ለቁም ሣጥንና ለጠረጴዛ 20 ካሬ ቢሄድ ልዩነቱ 100 ኪሎ ነው። ኤምዲኤፍ ደግሞ ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል፤ ቡሎኑም በንዝረት ይላላል። ክፈፉ 25 በ25፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ ቢሆን ይበቃል፤ ሜትሩ 1.1 ኪሎ ነው። 40 በ40 የሚያሠራ ሰው ፎቅ እየሠራ ነው እንዴ?

ሥራው ሲያልቅ የጭነት መኪና ሚዛን ያለበት ቦታ ይወሰድ፤ ውሃና ነዳጅ ተሞልቶ፣ ቤተሰቡ ተሳፍሮ። መጀመሪያ የፊት ጎማው ብቻ ሚዛኑ ላይ ይውጣ፣ ከዚያ መላው መኪና፤ የኋላው በመቀነስ ይገኛል። በፋብሪካው ሰሌዳ ላይ ለፊትና ለኋላ የተጻፈው ቁጥር አይታለፍ። ድምሩ ደህና ሆኖ የኋላው ብቻ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ፖርቶመጋላው (የጣሪያው ዕቃ መጫኛ) ላይ ደግሞ ከፀሐይ ፓነል በቀር ምንም ባይጫን እንወዳለን። ከላይ የተቀመጠ 100 ኪሎ በመዞሪያ ላይ ከታች ካለው ጋር አንድ አይደለም።

ውሃውን ለብቻ እናንሳው፤ ከሁሉም የሚከብደው፣ የሚንቀሳቀሰውም እሱ ነው። ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለዕቃና ለገላ በሰው በቀን 20 ሊትር ይያዝ፤ ለአምስት ሰው 100። ቤቱ ሰጋጅ ከሆነ ውዱእ ይጨመራል፤ በማንቆርቆሪያ ቆጥቦ ለሚያደርግ ሰው አንድ ጊዜ 1 ሊትር ተኩል ቢሄድ በቀን አምስት ጊዜ 7.5 ሊትር፣ ለሦስት ሰጋጅ ከ22 ሊትር በላይ ነው። ይህን ሳይቆጥሩ «ለሁለት ቀን ይበቃኛል» ማለት አይሆንም።

500 ሊትር ሮቶ ከኋላ በር አጠገብ የሚያቆም ሰው አለ። ሲሞላ ግማሽ ቶን ከኋላ ጎማ ወዲያ ተንጠለጠለ ማለት ነው፤ ፊቱ ይነሳል፣ መሪው ይቀላል፣ የፊት ፍሬን መያዝ ይቀንሳል። ሲጎድል ይብሳል፤ በግማሽ ያለ ውሃ ፍሬን ሲያዝ በአንዴ ወደ ፊት ይመጣል፣ መዞሪያ ላይ ወደ ጎን ይሄዳል። ባለ 60 ወይም ባለ 70 ሊትር ሦስት ጠባብ ታንኮች፣ ወለሉ ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መሃል፣ ለሁለቱ ጎን ሚዛኑን ጠብቀው ይቀመጡ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈት፤ ያኔ የሚወዛወዘው አንዱ ብቻ ነው። ማሰሪያው ሻንሲው ድረስ በቡሎን ይያዝ፤ ወለል እንጨት ላይ ብቻ የታሰረ ታንክ በድንገተኛ ፍሬን ነቅሎ ሾፌሩ ጀርባ ላይ ይመጣል። ከደሴ የሚነሳ ሰው ደግሞ ምን አስቸኮለው? ኮምቦልቻ ወርዶ ይሙላ።

የእጥበት ውሃ ለብቻው ታንክ ይፈልጋል፤ መጠኑ ቢያንስ የንጹሑን ግማሽ። መሬት ላይ መልቀቅ ቀላል ነው፤ ቦርከናን ሁለቱም ከተሞች የሚካፈሉት መሆኑን ግን አይርሱ። ለመጸዳጃ ሽንቱን ከሌላው የሚለይ፣ በሰጋቱራ የሚሸፈን ባልዲ ከሁሉም ይቀላል፤ ሽታው የሚመጣው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው።

ሻንሲው ላይ ታንክም ሆነ ሌላ ነገር ሲታሰር የላይኛውና የታችኛው ከንፈር አይበሳ፣ አይበየድ፤ ጭነቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ቀዳዳ የግድ ከሆነ በጎኑ መሃል ነው። በር ለማስፋት ወይም «ትልቅ መስኮት ይሁንልኝ» ብሎ ቋሚውን የሚያስቆርጥ ሰው ጣሪያውን የያዘውን እግር ነው የቆረጠው። ማንኛውም ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ሁለቱም ጫፍና ዲናሞው ይነቀሉ። በዚህች በአሥር ደቂቃ ሥራ ስንፍና የተቃጠለ ዲናሞ ብዙ ነው።

መብራት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። ከኮስተርና ከአይሱዙ ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተከታትለው ታስረው። አምፖሉና የስልክ ቻርጀሩ 12 ስለሚፈልግ ከአንዱ ባትሪ ላይ ገመድ ይሳባል። ሲሠራ ይታያል፣ ሰውም ይደሰታል። ዲናሞው ግን ሁለቱን እኩል ነው የሚሞላው፤ የተሳበበት ሳይሞላ ይቀራል፣ ሌላው ከልክ በላይ ተሞልቶ ውሃው ይፈላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱም ይሞታሉ። ለቤቱ የራሱ ባትሪ ይኑረው፣ ከሞተሩ ባትሪ ጋር አይነካካ፤ የሚሞላውም በፀሐይ ይሁን።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አራት ባለ 5 ዋት አምፖል ለአምስት ሰዓት 100 ዋት ሰዓት፣ ስልኮች 75፣ ባለ 40 ዋት ቴሌቪዥን ለሦስት ሰዓት 120፣ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ፍሪጅ በቀን 450፤ ድምሩ ወደ 750። አንድ ባለ 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ በጽሑፍ 2,400 ዋት ሰዓት ነው፤ ሊድ አሲድ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር 1,200 ብለው ይያዙት። ሁለት ያስቆጠርነው ለዚህ ነው፤ ደመናማ ቀን ይመጣል። 300 ዋት ፓነል በጥር ፀሐይ ከ1,000 በላይ ያመጣል፤ በሐምሌ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል፣ ግማሹን ካገኙ ያመስግኑ።

ገመዱ ቤት ውስጥ የሚቀበረው ባለ አንድ ድፍን ሽቦ አይሁን፤ በንዝረት ይሰበራል፣ የተሰበረበት ቦታ ይግላል። ብዙ ቀጫጭን ሽቦ ያለው ይሁን። ውፍረቱንም በ220 ቮልት ልማድ አይምረጡ፦ 10 አምፒር በ12 ቮልት አምስት ሜትር ርቆ ሲሄድ በባለ 2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ገመድ 0.7 ቮልት ይጠፋል፣ ፍሪጁም «ባትሪ አልቋል» ብሎ ይቆማል። ባለ 6 ይግባለት። ፊውዙ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ይቀመጥ፤ ገመዱ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለ ፊውዝ ገመዱን አይጠብቅም።

ምጣድስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይጎትታል። አንድ ሰዓት ቢጋገር የሁለቱም ባትሪ ኃይል አይበቃውም፤ በ24 ቮልት ኢንቨርተር ደግሞ ከ145 አምፒር በላይ ይሳባል። «ሶላር አለኝ» ብሎ እንጀራ መጋገር ይቅር። እንጀራው ይገዛ፣ ወይም ከቆጣሪ መስመር በገመድ ተስቦ ይጋገር። ገመዱ ቢያንስ ባለ 2.5 ሆኖ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ነው፤ እንደተጠቀለለ ከተሠራበት ራሱን ያቀልጣል።

ከዚህ ሁሉ አጥብቀን የምንናገረው ስለ ከሰል ነው። የደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ይታወቃል። ልጆቹ በረዳቸው፣ በሩ ተዘጋ፣ ከቡና የተረፈው ምድጃ ወደ ውስጥ ገባ። ከሰሉ ቀልቶ፣ ጭሱ አልቆ፣ ላዩን አመድ ለብሶ ሲታይ ሰው «አሁንማ አይጎዳም» ይላል። ጭሱ ያለቀው ከሰል ነው የሚገድለው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታትና ድካም ይሰማል፣ ያንን ሰው እንቅልፍ ይለዋል። ኮስተር ውስጥ ያለው አየር 20 ሜትር ኪዩብ አይሞላም፤ ብርድ ለመከላከል ክፍተቱ ሁሉ በሲልከን ተደፍኗል። ቡና ውጭ፣ ከዳሱ ሥር ይፈላ፤ ምድጃውም ሲያድር ውጭ ይደር። ሞተር አስነስቶ ለሙቀት መተኛትም ያው ነው።

ጋዙ ላይ ሌላ ጠባይ አለ። ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩ በሩ ወደ ውጭ ብቻ በሚከፈት ሣጥን ውስጥ፣ ቆሞ፣ በቀበቶ ታስሮ ይቀመጥ፤ የሣጥኑ ወለል ላይ እንደ ብርጭቆ አፍ የሰፋ ቀዳዳ ይኑር፣ ከሥሩም የጭስ ማውጫው አይለፍ። መጋጠሚያው በየሲሊንደሩ ቅያሬ በሳሙና አረፋ ይፈተሽ፤ በክብሪት የሚፈትሽ አይጠፋም። ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሚፈላ ባቄላና ክክ ለመብሰል ይዘገያሉ፤ የግፊት ድስት ያለው ሰው ጋዙን ይቆጥባል። ባለ 2 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ በሩ አጠገብ ይሰቀል፤ ከምድጃው በላይ ከተሰቀለ ሲፈለግ በእሳት ውስጥ ማለፍ ነው። ከበሩ ሌላ ከውስጥ የሚከፈት ሁለተኛ መውጫም ይኑር።

ላሜራ ያልባል። አንድ ሰው ሌሊቱን በትንፋሹና በላቡ ከአንድ ብርጭቆ ያላነሰ ውሃ ይተፋል፤ አምስት ሰው ሊትር ያልፋል። ያ ውሃ ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ ይንጠባጠባል፤ ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ከሄደ ሳይታይ ያዝገዋል። የፍራሽ ስፖንጅ እንደ መከላከያ የሚያስገባ ሰው ውሃ የሚጠጣ ነገር ነው ያስገባው። ውሃ የማያሳልፈው ጠንካራ ፎም፣ ባለ 3 ሳንቲ፣ ከላሜራው ጋር ተጣብቆ ይግባ፤ የብረት ቋሚዎቹም ራቁታቸውን አይቅሩ፣ ብርዱ በእነሱ ነው የሚገባው። አንድ ቀዳዳ ከታች፣ አንድ ከጣሪያ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ጣሪያው ነጭ ይቀባ፤ ወደ ቆላ የወረዱ ዕለት ይመሰገናል።

ልጆች ሲኬድ አልጋ ላይ አይተኙ። ከነባሩ ወንበር ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ወደ ፊት የዞረ፣ በነበረበት ቡሎን ላይ ይቅር፤ ቀበቶ ይጨመርበት። በጎን የተሠራ መቀመጫ ለቆመ መኪና ብቻ ነው።

ፍሬኑ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲሱ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ሲገባው ወደ 140 ይወርዳል። ሐረጎን ፔዳል ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሾፌር ይህን ሙቀት አያጣውም፤ ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፣ መኪናው ባይሄድም። ቁልቁለቱንም በወጡበት ማርሽ ይውረዱ፤ የጭስ ማውጫ ፍሬን ያለው አይሱዙ ከሆነ ከመጀመሪያው መዞሪያ በፊት ይክፈቱት። ሲቆም ሁለት የእንጨት ታኮ ይግባ፤ የደሴ ሜዳ እንኳ ሜዳ አይደለም።

ወረቀቱን በተመለከተ አንድ ነገር እንጠይቃለን። ሊብሬው «የሕዝብ ማመላለሻ፣ 25 ሰው» የሚለው መኪና ውስጡ አልጋና ምድጃ ሆኖ ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ ኢንሹራንሱም በአደጋ ቀን ያንኑ ይጠይቃል። ባለቤቱ ሥራው ሳይጀመር ንድፉን ይዞ ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ይሂድ። ጽሕፈት ቤቶቹም ምን ዓይነት ለውጥ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፣ ምን ሰነድ እንደሚቀርብ በአንድ ገጽ ጽፈው ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉልን፣ ወይም በዚሁ ጋዜጣ ቢያወጡት፣ እኛም ደንበኛው ብረት ከማስቆረጡ በፊት እናስነብበው ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
በቦዲና በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች፣ ከኮምቦልቻ